ከካርቶኑ ሕንፃ የጠፋችው ክፍል

ሌባው ከአንድ ሙሉ ከተማ መርጦ የወሰደው አንዲት ክፍል ብቻ ነበር።

ከተማው የካርቶን ነው። ቀራፂው ከየሱቁ ደጃፍ በለቀመው የፍሪጅ፣ የሳሙናና የጫማ ካርቶን ባንክ ቤቱን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ሆስፒታሉንና የመኖሪያ ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ ሠርቶ በአዳራሹ ጠረጴዛዎች ላይ ደርድሯቸዋል። ትልቁ የሰው ቁመት ያክላል፤ ትንሹ ጉልበት አይደርስም። ጠዋት በሩ ሲከፈት መሀል ላይ የቆመው ቢጫ የመኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቁ ላይ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ተከፍቶ ተገኘ። ሌላ የተነካ ነገር የለም።

«የካርቶን ሌባ!» አለ ሳጅኑ የፖሊስ መኪናውን በር በክርኑ እየዘጋ። «ዕድሜዬን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ሳሳድድ ኖሬ፣ እርጅና ላይ የካርቶን ሌባ! ልጆቼ ቢሰሙ አባታችን ቆራሌው ሆነ አይሉም?»

ሳጅኑ ወፍራም፣ የብዙ ልጆች አባት ነው። ሳይቀልድ ከዋለ ያመዋል። ኢንስፔክተሯ ደግሞ ሳትናገር ካልዋለች የሚያማት ትመስላለች። ጣቢያ ውስጥ ከኋላዋ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ታውቃለች፤ ከፋኝ ብላም አታውቅም።

ባትሪዋን አብርታ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለች። የመስኮቱ ፍሬም ዙሪያውን በስለት ተሰንጥቋል፤ ግን አልተቦጨቀም፣ አልተጨማደደም። ከዚያ በላይ የገረማት ሌላ ነገር ነው። ባዶው ቦታ ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

«ይሄን አንተ ነህ የከተትከው?» አለችው ቀራፂውን።

«አይደለሁም። እሱ ባይኖር የላይኞቹ ሁለት ፎቆች ይሰምጡ ነበር።»

«ሌባው ነዋ ድጋፍ ያደረገልህ» አለ ሳጅኑ። «የተባረከ ሌባ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ካርቶኑን በወረንጦ ስባ አወጣችው። አንዱ ጫፍ ክብ ተደርጎ ተቆርጧል፤ ጠቆር ብሏል፤ ወዝም ይዟል። ሳጅኑ አፍንጫውን አስጠጋና ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

«ኧረ! ይሄስ የሥነ ጥበብ ሽታ አይደለም።»

ካርቶኑን ፖስታ ውስጥ ከታ ወደ ቀራፂው ዞረች። ቀራፂው ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቆ እንደ ሁለተኛ ቆዳ ሆኗል። ዓይኑን ከቀዳዳው ላይ መንቀል አቅቶታል።

«ክፍሏ እንዴት ነው ለብቻዋ የወጣችው?»

«ሁሉም ለብቻ ነው የሚወጣው። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሙሉ ሕንፃ የምዘረጋበት ቦታ የለኝም። እያንዳንዱን ክፍል እንደ ክብሪት ቀፎ ለብቻው ሠርቼ መጨረሻ ላይ ወደ ሕንፃው እገፋዋለሁ። ውስጡ የማስገባው ደግሞ ያየሁትን ብቻ ነው። አልጋ ካላየሁ አልጋ የለም። ሰው ካላየሁ ሰው የለም።»

«እዚህኛው ውስጥ ማን ነበር?»

ቀራፂው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ሴት። ትሰፋለች። ስሟን አላውቅም። ቤቷ ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ነው። አንድ እግሯን ከሥሯ አጥፋ ትቀመጣለች፤ በግራ እጇ ነው የምትሰፋው፤ መጋረጃዋ ቀይ አበባ አለው። ሲመሽ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ካርቶን እቆርጣለሁ። አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችኝም።» ሙጫውን ከጣቱ መላጥ ጀመረ። «ግን አብረን ነው የምናመሸው። እንዲህ ስለው ያስቃል መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሯን አላሳቃትም። በመስኮት ሰው ማየት ነውር መሆኑን ልትነግረው አሰበችና ፊቱን አይታ ተወችው።

«ሌላውን ሁሉ በወሰዱት። ሌባው ከተገኘ ግን ክሴን አላነሳም፤ ይታሰርልኝ። እሷንም ዛሬውኑ ቤቴ ገብቼ መልሼ እሠራታለሁ። በልቤ ነው የያዝኳት።»

ስትወጣ ዓይኗ ጥግ ላይ የቆመ ግራጫ ሕንፃ ላይ አረፈ። የድልድዩ አጥር፣ ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ጋን፣ የተሰበረችው የደረጃ ቤት መስኮት፣ ሁሉም በቦታው አለ። በየመስኮቱ ትንንሽ አምፖል በርቷል። ሦስተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ያለችው አንዲት መስኮት ብቻ ጨልማለች።

«ይቺኛዋን ምነው አላበራሃትም?»

«ባዶ ቤት ናት» አለ ቀራፂው። «በዚያ መንገድ ስመላለስ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። በርታ አታውቅም።»

የራሷ የኢንስፔክተሯ ቤት ነበር። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ማብሪያውን መንካት ትታለች። ከመንገዱ የሚገባው ብርሃን ለአንድ ሰው ይበቃል ብላ ነው፤ ለማን ብላስ ታበራለች? ቀራፂውን አላረመችውም። ባትሪዋን አጥፍታ ወጣች።

የአዳራሹ ኃላፊ ደረቅ ሴት ናት፤ ስትናገር በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ትመታለች።

«በሩ አልተሰበረም። ቁልፉ ያለው እኔ ጋና ጥበቃው ጋ ነው። እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ነበርኩ። የቀረው አንድ ሰው ነው። ታዲያ ሌላ ማንን ትጠረጥራላችሁ?»

የቀረው ሰው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ምሳ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ኢንስፔክተሯን ሲያዩ ተነሡ፤ ቀኝ እግራቸውን ሳብ ያደርጋሉ።

«መብራት ጠፋ፤ አሸለበኝ፤ ያየሁት የለም» አሉ ሳይጠየቁ።

«አሸለበኝ ብሎ ጥበቃ አለ?» አለች ኃላፊዋ። «ጡረታዎ ደርሶ እንዲህ ያዋርዱናል? ወይ ሌባውን ይናገሩ፣ ወይ እርስዎ ይታሰሩ።»

አባባ አልተከራከሩም። ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ሰውየው ያቺን ክፍል መልሶ ይሠራታል እንዴ?»

«ዛሬውኑ እሠራታለሁ ብሏል» አለች ኢንስፔክተሯ።

የሽማግሌው ፊት ወደቀ። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ማለት ሥራዋ ነውና ልብ አለችው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

ኃላፊዋ ሁለት ሰዎችን ጨምራ ጠቆመች። አንደኛው በእውነተኛው ቢጫ ሕንፃ ሥር የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በዐውደ ርእዩ መክፈቻ ቀን መጥቶ አዳራሹን በጩኸት አናግቶታል። ሁለተኛው ፀሐይ ሆነ ደመና ጃንጥላ ይዞ በየቀኑ የሚመጣ ጎብኚ ነው።

«እሱን ተዉት» አሉ አባባ በችኮላ። «ባለ ጃንጥላውን። እሱ ምንም አላደረገም። አታነጋግሩት፣ በልጅ ይዣችኋለሁ።»

ሳጅኑና ኢንስፔክተሯ ተያዩ። የተጠረጠረ ሰው «እሱን ተዉት» ካለ፣ ፖሊስ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግብረ አበሩ ነው። አባባን ተረኛ ፖሊስ ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው። ምሳ ዕቃውን እንደታቀፉ ሄዱ።

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን አገጭ በሳሙና አልብሶ በመሀል ትቶት ወጣ።

«እናንተ ደግሞ የሚታሰረውን ትታችሁ የተበደለውን ትጠይቃላችሁ! በረንዳዬ ላይ የተሰጣ የውስጥ ሱሪዬን፣ ከነቀዳዳው፣ ከነቀዳዳው እኮ ነው የምላችሁ፣ ያ ቀራፂ ሠርቶ ለሕዝብ አሳየው። ሚስቴ እንኳ ያላየችውን ቀዳዳ! ገመናዬን አደባባይ አወጣው።»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል ነዋ! ሚስቴ ወለደች። መንታ!» ቁጣው ባንዴ ሟሸሸና ፊቱ በራ። «ሁለቱም እኔን ይመስላሉ፤ ነርሷን ጠይቁ።»

«እግዜር ያሳድግልህ» አለ ሳጅኑ። «መንታ ማለት እንቅልፍህን ሸኘህ ማለት ነው። ከእንግዲህ በየቤቱ ብትሰርቅም አልፈርድብህ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ላይ ቀና አለች። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ቀይ አበባ መጋረጃ።

«እዚያ ማን ይኖራል?»

«ልብስ ሰፊዋ? እኔ ምን አውቄ። ከገባች ጀምሮ ደረጃ ስትወርድ አላየኋትም። ዳቦ እንኳ የምትገዛው ቅርጫት በገመድ አውርዳ ነው። አንድ ሽማግሌ የሚሰፋ ጨርቅ ያመጡላታል፤ ከዚያ ውጪ ዘመድ የላትም።»

ደረጃውን ወጡ። ከበሩ ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ኢንስፔክተሯ አንኳኳች፤ ድምፁ ቆመ።

«ፖሊስ ነን፤ ስለ አንድ ስርቆት ልንጠይቅሽ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጆሮዋን አስጠጋች። ከበር ጀርባ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የቆመ ሰው ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚያሰማ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጎረቤቶቿ ሲያንኳኩ እሷም እንዲሁ ነው የምትቆመው። «የሄዱ እንደሆነ» እያለች።

«እንስበረው?» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ።

«አትፈልገንም። እንሂድ።»

ባለ ጃንጥላው ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ መጣ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀጉሩ የተበጠረ፣ ኮቱ የተተኮሰ ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«በየቀኑ ይመጣሉ አሉ» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሕንፃ እወዳለሁ። ግን መጣደፍ አልወድም። ከበሩ ጀምሬ በቀን አንዱን ጠረጴዛ ብቻ ነው የማየው። ዛሬ መሀለኛው ላይ ልደርስ ነበር፤ እናንተ በገመድ አጠራችሁት።»

«ትናንት ማታስ?»

«የተከራየሁበት ቤት ነበርኩ። አከራዬ እናቴ ማለት ናቸው፤ ካርታ ስንጫወት አመሸን።»

ሳጅኑ ወጣ ብሎ ደወለና ተመለሰ። እውነት ነው። ሴትዮዋ «እንደሱ ያለ ጨዋ ልጅ በኖረኝ» ብለዋል።

ኢንስፔክተሯ አልተዋጠላትም። «ጥበቃው እርስዎን እንዳናነጋግር ለምነውናል። ለምን ይመስልዎታል?»

«እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው» አለ ፈገግ ብሎ።

ያ ፈገግታ ነው ያናደዳት። ሲያናድዷት የያዘችውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ታወጣለች፤ ሰውየው ቢደነግጥ ብላ።

«ከቢጫው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የተሰረቀችው ልብስ ሰፊ ናት። አንድ እግሯን አጥፋ የተቀመጠች፣ በግራ እጇ የምትሰፋ። መጋረጃዋ ቀይ አበባ ያለው። አያውቋትም?»

ሰውየው ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አላየኋትም። እንዲህ ያለ ሕንፃ በእውነት አለ እንዴ?»

«ምነው የለም» አለ ሳጅኑ። «ከትልቁ ዳቦ ቤት ጀርባ፣ ፀጉር አስተካካይ ያለበት።»

«ደስ ይላል። እናንተን የመሰለ ትጉህ ፖሊስ ባለበት ሰው ያለሥጋት ይተኛል።» ሁለቱንም ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ። ሕንፃ ወዳዱ ሰውዬ ከሕንፃዎቹ አንዱን እንኳ ዞር ብሎ አላየም።

ጣቢያ ሲደርሱ ተረኛው የእስረኛውን ቀበቶና ጫማ መደርደሪያ ላይ እያስቀመጠ ነበር። ጫማዎቹ ያረጁ፣ ግን የተወለወሉ ናቸው። ኢንስፔክተሯ አልፋቸው ሄደች፤ ሁለት እርምጃ ሳትርቅ ተመለሰች። የግራው ጫማ ውስጥ በእጅ የተቆረጠ የካርቶን ገበር አለ። የቀኙ ውስጥ የለም።

ፖስታውን አወጣች። የታጠፈውን ካርቶን ዘረጋችውና ቀኙ ጫማ ውስጥ ከተተችው። ክብ የተቆረጠው ጫፍ ተረከዙ ላይ ልክ ገጠመ።

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አባባ በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። ምሳ ዕቃው አሁንም ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ተረኛው የሽማግሌ ምሳ መውሰድ ከብዶት ትቶላቸዋል።

«አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ነው።»

ካርቶኑን አዩት። «የእኔ ነው።»

«ለምን ወተፉት?»

«ይሰምጥ ነበራ። የሰው ልፋት ነው።»

«ክፍሏስ?»

ብዙ ካመነቱ በኋላ ምሳ ዕቃውን ከፈቱት። ምግብ የለበትም። በንጹህ መሐረብ የተጠቀለለች ካርቶን ክፍል አለች። ውስጧ አውራ ጣት የምታክል ሴት እግሯን አጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ኢንስፔክተሯ የሠሪው እጅ ስንት ማታ እንደለፋባት ታያት። አንድ ሰው ሌላውን እንዲህ አድርጎ ያየዋል ብላ አስባ አታውቅም።

«እኔ ነኝ የሰረቅሁት» አሉ አባባ። «ጻፊውና ዝጊው። ለምን አትበይኝ። ብትፈልጊ ዕድሜ ልኬን እሰሪኝ።»

የተያዘ ሌባ ምሕረት ሲለምን እንጂ እስር ሲለምን ሰምታ አታውቅም።

«ማንን ነው የሚሸፍኑት? ባለ ጃንጥላውን ከሆነ ሁሉንም ጠይቄዋለሁ።»

የምሳ ዕቃው ክዳን ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ምን አልሽው?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ምን አልሽው ልጄ? ስለ እግሯ ነገርሽው? ሕንፃው የት እንደሆነ ነገርሽው?»

ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ማን ናት?»

«ልጄ ናታ! የኔ ልጅ! እሱ ባሏ ነው።» ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። «ቀኝ ክንዷን ሰብሮ በግራዋ አስቀራት። እኔ ነኝ የደበቅኋት፤ ጨርቅ የማመላልስላትም እኔ። እኔን ልትጠይቅ ትመጣለች ብሎ ነው አዳራሹ የሚገተረው። ስትቀር፣ ሰዓት ይለፍልኝ ብሎ ሕንፃዎቹን ማየት ጀመረ። ከበሩ ጀምሮ፣ በየቀኑ አንድ። እኔም ምን እያየ ነው ብዬ ከእሱ ቀድሜ ሄጄ ብመለከት፣ ልጄ ካርቶን ውስጥ ቁጭ ብላለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ 'ተይ፣ እግርሽን አትጠፊው፣ ደም ይቆምብሻል' ስላት የኖርኩት ልጅ። ሰውየው በማግስቱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለፖሊስ? እዚሁ መጥታ ነበር እኮ። 'ባልና ሚስት ናችሁ፣ ታረቁ' ብላችሁ ከሱው ጋር ነው የሸኛችኋት።»

ኢንስፔክተሯ ጫማቸውን ከመደርደሪያው አንሥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችላቸው። «ተነሡ፣ አብረን እንሄዳለን።»

ሳጅኑ መኪናውን አስነሥቶ ነበር። በመንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልወጣውም፤ አንዴ ብቻ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አልኩት እኮ፤ በገዛ አፌ» አለ።

አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ባለ ጃንጥላው በሩ ላይ ቆሟል። በጃንጥላው እጀታ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያንኳኳ እያንኳኳ፣ በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል።

«ክፈቺልኝ እንጂ። ስንት ቀን ስፈልግሽ። የተቆጣሁሽ እንደሆነ ስለምወድሽ አይደል? እኔ እንደሆንኩ ሌሊቱን ሙሉ መቆም እችላለሁ።»

«ከበሩ ራቅ በል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ዞር አለ፤ ያው ፈገግታ ነው። «ባል የሚስቱን በር ማንኳኳት ወንጀል ሆነ እንዴ? ምን አደረግሁ? በሩን ሰበርኩ? ሰው መታሁ?»

እውነቱን ነው። ደረጃ መውጣት አያሳስርም። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ድምፁን የማያነሣው። ኢንስፔክተሯ በሩና እሱ መሀል ገብታ ቆመች። ሳጅኑ በሆዱ ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው አስጠጋው።

አባባ በደረጃው መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረሱ።

«ሆዴ» አሉ ወደ በሩ። «እኔ ነኝ። ብቻዬን አይደለሁም። ክፈች፣ ግድ የለም።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። ሴትዮዋ ብቅ አለች፤ ቀኝ ክንዷ ተጣሞ ተጋጥሟል። መጀመሪያ አባቷን አየች፤ ከዚያ ባሏን። ፊቷ ደም የለውም። ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ትዘጋለች ብላ ፈራች።

«ባለፈው የነገርኳችሁን አልጻፋችሁትም» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ ብናገር ትጽፊዋለሽ?»

«በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ።»

«በጫማው ቆሞብኝ ነው የሰበረው።» ክንዷን ወደ ፊት ዘረጋችው። «ሆስፒታሉ ያውቃል። ሲመታኝ ያየች ጎረቤት አለች። ስሟን እነግርሻለሁ።»

ፈገግታው ያኔ ጠፋ። ከፈገግታው ሥር የነበረው ፊት ሲወጣ ሳጅኑ ጃንጥላውን ከእጁ ነጥቆ እጁን ወደ ኋላ አሰረው። ሰውየው ሲወርድ ደረጃው ላይ እየጮኸ ነበር። «ወንድሞቼ አሉ! ያገኙሻል! የአባትሽን ቤት ያውቁታል!»

መንገዱ ላይ ቀራፂው ቆሟል። ጫጫታውን ከመስኮቱ ሰምቶ ሙጫው ያልደረቀ አዲስ ክፍል በእጁ እንደያዘ ነው የወረደው። ሴትዮዋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ ሲያያት ደርቆ ቀረ። ኢንስፔክተሯ ወደ ዳር ወሰደችውና የሆነውን በአጭሩ ነገረችው። እየሰማ ሳለ ፊቱ ከመደንገጥ ወደ እፍረት ሄደ። ቆይቶ ወደ ሽማግሌው ቀረበ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። ክሱን አንሥቻለሁ፤ ኃላፊዋንም ራሴ አነጋግራታለሁ።» አዲሷን ክፍል በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ይቺም የእርስዎ ናት።»

ሴትዮዋ የካርቶኗን ሴት ከዚያም ሰውየውን አየች።

«አንተ ነህ የማዶው መብራት?»

«ታዪኝ ነበር እንዴ?»

«ቀና ብዬ አላይም ነበር፤ ሰው ያውቀኛል ብዬ። ብርሃኑ ግን ጨርቄ ላይ ይወድቃል። እሱ ሲጠፋ ነው እኔም ስፌት የማቆመው። ለብቻ ማምሸት ይከብዳል።»

ቀራፂው ሙጫውን ከጣቱ መላጥ ጀመረ። ወደዚህ ቤት እንደማትመለስ ሁለቱም ያውቃሉ።

«አሁን የት ትደር?» አለ ሳጅኑ ኢንስፔክተሯን ጠጋ ብሎ። «ወንድሞቹ የአባቷን ቤት ያውቁታል። እኔ ቤት እንዳልል ልጆቼ ለከተማው ሁሉ ያወሩታል።»

«ማንም የማይኖርበት አንድ ቤት አውቃለሁ» አለች።

«የት?»

«ድልድዩ አጠገብ፣ ግራጫው ሕንፃ። ሦስተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ።»

ቀራፂው ሰምቶ ቀና አለ። ዓይኑን ዓይኗ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ሲገባው ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ እኮ ባዶ ነው ብዬ...»

«አንተም ባየኸው ነው። እንደዚያው ይቆይ፤ አምፖል እንዳታስገባበት። የቢጫውንም ቀዳዳ ጨለማ ተወው።»

ጀምበር ስትጠልቅ ኢንስፔክተሯ በሯን ከፈተች። ማንንም ካስገባች ብዙ ጊዜ ሆኗታል፤ የእናቷን ወንበር ከላዩ ላይ የተከመረውን ልብስ አንሥታ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችው። እንግዳ ቤት ገብቶ በጨለማ አይቀመጥምና እጇ ወደ ማብሪያው ሄደ።

«አታብሪው» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

እጇን መለሰች። ውሃ ጣደች፤ ሻዩን በዳበሳ ቀዳች፤ ስኳሩን ለማግኘት ሁለቱም እየተደነቃቀፉ ፈለጉት። የስኳሩን ጣሳ ያገኘችው እንግዳዋ ናት። ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ይህን ድምፅ ቤቱ ውስጥ ከሰማችው ስለቆየች ራሷን አስደነገጣት።

ከመንገዱ በሚገባው ብርሃን እንግዳዋ ወንበሩ ላይ ስትደላደል አየቻት። አንድ እግሯን ከሥሯ አጠፈች።

«ደም ይቆምብሻል» አለቻት።

«አባቴ ነግሮሽ ነው አይደል?» አለች ሴትዮዋ፤ እግሯን ግን አልዘረጋችም።

ሻያቸውን ጠጡ። ከታች በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ቀና ቢል፣ ሦስተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ያለችው መስኮት እንደ ወትሮዋ ጨልማ ነበር።